ፍሙን እየከፈተ ያየ ሰው

አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሥ። ስለ አንድ እፍኝ ፍም የምትነገረው ይህች ምሳሌ ጊዜህን በልታ ባዶ እጅህን አትሰድህም። ሙቀት ከየት ወዴት እንደሚሄድ ትነግርሃለች፤ ከዚያም አልፎ፣ የተጎዳ ሰው አጠገብ እንዴት እንደሚቀመጡ ትነግርሃለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ግን ሕጋቸው አንድ ነው።

እንጉዳይ የምትባል እናት ጋሽ ውብሸት ቤት የመጣችው የጉዞ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ነበር። ጋሽ ውብሸት የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላም የተከፋም ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሳቸውን በር ነው።

«ጋሼ፣ መርቁኝና ልሂድ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ደብረ ብርሃን፣ ልጄ ዘንድ።»

«ምን ሆነች?»

«እሱን ማወቅ አቅቶኝ እኮ ነው የምሄደው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ እታፈራሁ አምና የበኩር ልጇን ቀብራለች። ብዙ አልቅሳ፣ ብዙ ተኝታ፣ ዘንድሮ እንደምንም ተነሥታ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። እናቷ ግን አላረፈችም። ጠዋት ትደውልና «እንቅልፍ ወሰደሽ?» ትላለች። ቀትር ላይ ትደውልና «በላሽ? ወይስ ስታለቅሺ ዋልሽ?» ትላለች። ሲመሽ ደግሞ «ዛሬስ አሰብሽው?» ትናንት ልጅቱ፣ «እማዬ፣ ረስቼው የዋልኩትን አንቺ ታስታውሺኛለሽ» አለችና ስልኳን አጠፋች። እስካሁን እንዳጠፋች ነው።

«ድምጿ ቀዝቅዞብኛል፣ ጋሼ። እንደ ድሮዋ አትስቅም፣ እንደ ድሮዋ አትቆጣም። ውስጧ ሞቶ ቢሆንስ? እናት ልጇን ‹እንዴት ነሽ› ብትል ነውር ነው? ጥፋቴ ምንድን ነው? ንገሩኝ።»

ጋሽ ውብሸት ቦርሳውን ከእጇ ተቀብለው መሬት አስቀመጡት። «ተቀመጪ። አውቶቡስ እንደሆነ ሳይሞላ አይነሣም» አሏት። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ቤቱ ከሰው ተለይታ ደጋው አናት ላይ ጉብ ያለች። ጊዜው ክረምት ነው፤ ሚስቱ ገና መውለዷ ነው። ያን ጊዜ ክብሪት ለዚያ አገር ወሬው እንጂ ራሱ አልደረሰም። ስለዚህ እሳት እንደ ከብት ይጠበቃል። ሲመሽ ፍሙ አመድ ለብሶ ይዳፈናል፤ ሲነጋ አመዱ ተገልጦ ይቆሰቆሳል። የጠፋበት ሰው ከጎረቤት ይጭራል።

ሰውየው ሚስቱ ስታምጥ ሲራወጥ አድሮ ፍሙን ሳያዳፍነው ቀረ። ሲነጋ ምድጃው ውስጥ የነበረው ቀዝቃዛ ዱቄት ብቻ ነው። ባልጩት ቢያማታ፣ ጣራው ሲያፈስ ስላደረ ብልጭታውን የሚቀበልለት አንድ ደረቅ ነገር አጣ። ሕፃኑ እናቱ ጉያ ውስጥ ሆኖ ከንፈሩ መጥቆር ጀመረ። ማልቀሱንም ተወ።

ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡት አማቱ፣ «ምን ትገተራለህ? በዓይንህ ልታሞቀው ነው? ወርደህ ጭረህ አምጣ እንጂ!» አሉት።

ቁልቁለቱን ሮጦ ወረደና ከታች ከወንዙ ማዶ ያለች የአንዲት ባልቴት ቤት ገባ። ባልቴቷ ነገሩን ሰምተው ብዙ አልጠየቁም። ከተሰበረ ድስት የተረፈውን ግማሽ ገል አነሡ። ከሥሩ አመድ ነሰነሱ፤ ፍሙን በላዩ ላይ ጎን ለጎን አጠጋግተው ደረደሩ፤ ደግሞ አመድ አለበሱትና በሌላ ገል ከደኑት።

«እማማ፣ አመዱ አያፍነውም?» አላቸው።

«አንተን ጋቢህ አፍኖህ ያውቃል? ልብሱ ነው! ይልቅ ስማኝ፤ ቤትህ እስክትደርስ እንዳትከፍተው።»

«ቢጠፋስ? ካላየሁት በምን አውቃለሁ?»

«ልጄ» አሉት ባልቴቷ፣ «ማወቅ ከፈለግህ ክፈተው። እሳት ከፈለግህ አትክፈተው።»

ዳገቱን ጀመረ። ካፊያው እያረፈበት፣ ነፋሱ እየገፋው። ትንሽ እንደሄደ ገሉን በመዳፉ ዳሰሰው። ቀዝቃዛ ነው። ልቡ ድንግጥ አለ። እሳት የያዘ ዕቃ እንዴት ይቀዘቅዛል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ የሰውየው ስሕተት ሁሉ ከዚህ ነው የተነሣው። ሙቀት አንድ ቦታ መቀመጥ አይወድም። ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሸሻል፤ መንገድ ካገኘ። አመድ ይህን መንገድ ይዘጋበታል። ደቃቅ ነውና በቅንጣቶቹ መካከል አየር ይይዛል፤ የማይነቃነቅ አየር ደግሞ ሙቀትን ለማሳለፍ ሰነፍ ነው። ጋቢም ቢሆን ሰውን አያሞቅም እኮ! የራሱን ሙቀት አላስወጣ ብሎ ነው የሚይዝለት። እንግዲህ የሰውየው ገል ከውጭ ሞቆ ቢሆን ኖሮ ያስፈራ ነበር፤ እሳቱ እየፈሰሰ መሆኑ ነዋ። መቀዝቀዙ ሙቀቱ ውስጥ መቅረቱን ነበር የሚነግረው። ሰውየው ግን መዳፉን አመነ።

ቁጢጥ አለና ከፈተው። አመዱን በእንጨት ገለጥ ሲያደርገው ፍሙ ቀላ፤ ነፋሱ ሲነካው ደግሞ ቦግ አለ። «አለ! አለ!» ብሎ ለብቻው ሳቀ። ያ መቅላት ግን ፍሙ ራሱን መብላቱ ነበር። አመድ ሥር ያለ ፍም አየር በጭልፋ ነው የሚደርሰው፤ ያለችውን ቆጥቦ ቀስ እያለ ይኖራል። ሲከፈት ነፋሱ ባንዴ ያበላዋል፣ ባንዴም ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። ለዓይን የሚያምርበት ሰዓት የሚያልቅበት ሰዓት ነው። ሰውየው ደስ ብሎት ከደነው፤ ከአመዱ ግማሹን ነፋስ እንደወሰደው ልብ አላለም።

ከፍ እንዳለ አህያ የሚነዳ መንገደኛ አገኘው።

«ምን ይዘህ ነው እንደ እንቁላል የምትጠነቀቅለት?»

«እሳት።»

«የታል ጭሱ?»

«ተዳፍኗል።»

መንገደኛው ገሉን ነካ አደረገና ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ የዋህ! አመድ አሸክመው ሰደዱህ? ዳገት ለዳገት አመድ የሚያጓጉዝ ሰው ዛሬ አየሁ! አህያዬ እንኳን በእንዲህ ያለ ጭነት አትታማም።»

ሰውየው ተናደደ። ክዳኑን አነሣና እፍ፣ እፍ አለበት። ፍሙ ተንቀለቀለ። መንገደኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ ሞቅ ሞቅ አደረገና፣ «እውነትም እሳት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አህያውን እየነዳ ወረደ። የሞቀው እሱ ነው።

ሰውየው ጉም የለበሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚያሾፍበት ሰው አልነበረም፤ እንዲያው አላስችል አለው። ደግሞ ከፈተ። በዚህ ጊዜ ምንም አልቀላም። አንዲት ፍም ብቻ ከሥሯ ክር የምታክል ቅላት ቀርታታለች፤ ሌሎቹ ከስለው ተበታትነዋል። ካፊያው ጠብ ሲልባት ጭስ ብላ ጠቆረች።

ያን ጊዜ ባልቴቷ ያሉት ገባው። እሳቱን ዝናቡ አልገደለበትም፣ ዳገቱም አልገደለበትም። እሱ ራሱ የልጁን ሙቀት መንገድ ላይ በዓይኑ ሲበላው ነበር። ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ተንበረከከና በጋቢው ጋረዳት። ገና ለብ የሚሉትን የፍም ስባሪዎች ለቃቅሞ አስጠጋላት፤ ብቻዋን የቀረች ፍም በየጎኗ ትቀዘቅዛለች፣ ሲጠጋጉ ግን አንዱ የሚያመልጠውን ሙቀት ሌላው ይቀበለዋል። ከገሉ ሥር የቀረውን ደረቅ አመድ ጠርጎ አለበሳት። ከደነ። ከዚያ ገሉን በጋቢው ጥቅልል አድርጎ ቋጠረውና ቋጠሮውን በጥርሱ አጠበቀው፤ እጁ ቢያምረው እንኳ በቀላሉ እንዳይፈታው።

ከዚያ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። ግን ዳገቱ ሁሉ እንደዚያ ሜዳ አላደከመውም። «ሞታስ ቢሆን? አመድ ታቅፌስ እንደሆነ?» ይላል ልቡ። እግሩ ይቆማል፤ ጣቱ ወደ ቋጠሮው ይሄዳል። ይመልሰውና ይራመዳል።

ቤት ሲገባ አማቱ ብድግ አሉ። «አመጣህ? እሳቱ አለ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት ነው የማታውቀው? አንተ አይደለህ የተሸከምከው!»

«አላውቅም አልኩዎ። አላየሁትም። መጀመሪያ የሚነድ ነገር ይስጡኝ።»

አማቱ አፈጠጡበት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱና ጭብጥ ገለባ አወጡ። እሱ እስኪመለስ በገላቸው ሲያደርቁት ውለዋል።

ቋጠሮው ምድጃው ላይ ተፈታ። አመዱ ሲገለጥ ከሽምብራ የማትበልጥ ቀይ ነጥብ ታየች። ገለባውን አስጠጉላት፤ አማቱ ጎንበስ ብለው በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ እፍ አሉባት። መጀመሪያ ጭስ ሆነ፤ ቀጥሎ ነበልባል። ሕፃኑን አስጠጉት። ቤቱ ሞቅ ሲል፣ ቆይቶ ቆይቶ፣ ያ ልጅ አፉን ከፍቶ አለቀሰ። እናቱም አብራው።

ጋሽ ውብሸት ይህን ብለው ወደ እንጉዳይ ዞሩ።

«ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ልጄ። የከፈተው ስለሚሳሳለት ነው። ፍም ግን ለምን እንደተከፈተ አይጠይቅም። በፍቅር ክፈተው በንቀት፣ የሚገባው ነፋስ ያው ነው። እታፈራሁ ቀዘቀዘችብኝ አልሽኝ። ያቺን የቀረቻትን ሙቀት ውስጧ ይዛ ቢሆንስ? ተነሥታ ሥራ የምትውለው ያችኑ ሙቀት ይዛ ነው። ‹ዛሬስ አሰብሽው?› ባልሻት ቁጥር ክዳኑን ታነሺዋለሽ። ታለቅሳለች፤ አንቺም ‹ልጄ አለች› ብለሽ ደስ ይልሻል፤ እሷ ግን ያን ቀን የምትውልበት ያጥራታል። እስቲ ንገሪኝ፤ ማወቅ ነው የምትፈልጊ ወይስ መዳኗን?»

እንጉዳይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ታዲያ ልተዋት? እናቷ አይደለሁም?»

«መተው መቼ አልኩሽ! ሜዳ ላይ የተጣለ ፍምማ ወዲያው ነው የሚሞተው። አመድ ሁኚላት ነው የምልሽ።»

«እኔን አመድ አሉኝ፣ ጋሼ?» አለች፤ እያለቀሰች ሳቅ አመለጣት።

«ለክብርሽ ነው! አመድ ፍሙን አንድ ነገር አይጠይቀውም። ዙሪያውን ይቀመጥና ነፋሱን ይከለክልለታል። ስለዚህ አትቅሪ፤ ሂጂ። ግን ፊቷን አትመርምሪ። ልብሷን እጠቢላት፤ ገበያ አብረሻት ውጪ፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እያማሽ አጫውቻት፣ እኔንም ጨምረሽ። ዝም ብትል አብረሻት ዝም በይ። አንድ ቀን ራሷ የልጇን ስም ታነሣለች፤ ሊነድ የሚችል ነገር ሲኖራት። እፍ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።»

እንጉዳይ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ፣ «አንድ ነገር እንኳ ሳልጠይቃት እችል ይሆን?» አለች።

«ያንቺ ሜዳ እሱ ነው፤ ሰውየውንም ከዳገቱ ይልቅ ያደከመው ሜዳው ነበር» አሏት ጋሽ ውብሸት፣ ጉልበቷን መታ መታ አድርገው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ በወሬ ብቻ አትመን። ደጅ ላይ፣ አየር ባለበት፣ ሁለት እኩል የከሰል ፍም ውሰድ፤ ቤት ውስጥ አይሁን፣ የከሰል ጢስ ይገድላል። አንዱን ባዶ ሸክላ ላይ ተወው። ሌላውን አመድ ላይ አስቀምጥና ወፈር ያለ አመድ አልብሰው። የመጀመሪያው ዓይንህ እያየ ይከስማል። የሁለተኛውን አመድ ከላይ በጥንቃቄ ጠጋ ብለህ ብትዳስሰው ምንም አይነግርህም። እዚያው ተወውና ሥራህን ሥራ፤ የጎረቤትህን ቡና ጠጥተህ፣ ጨዋታ ጨርሰህ ና። ያን ጊዜ ግለጠው። ብቻ አደራ፣ በመሀል እየሄድክ እንዳታየው፤ ከሙከራው ሁሉ የሚከብደው እሱ ነውና ከዛሬ ጀምረህ ተለማመደው።