በከንቲባው ላይ የጮኸ ሸራ

መኪናው ቀይ ይሁን ቢጫ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ልሳሳት እችላለሁ። ከንቲባ ወንድይራድ ስፖርት መኪና ገዙ። በየመሸታ ቤቱ ደጃፍ ሰው ብድግ ብሎ እጅ እንዲነሳቸው ሽው ብለው ይመጡና ፍሬን ይረግጣሉ። አዲሱ የፍሬን ሸራ ወር ሳይሞላው አለቀ፤ መኪናውም በቆሙ ቁጥር ሲጢጥ ይል ጀመር።

ሸራውን የገጠመላቸውን መካኒክ ሰው ፊት አቆሙት።

"ጥፋቱ የመኪናዬ ነው ካልክ ዋሽተሃል፤ የሸራው ነው ካልክ ደግሞ የገጠምከው አንተ ነህ። በል ተናገርና ጋራዥህን ላሽገው!"

መካኒኩ ያለቀውን ሸራ አነሳ።

"ክቡር ከንቲባ፣ ጥፋቱስ የሸራው ነው። በዚህ ከተማ 'ኧረ ቀስ ይበሉ' ብሎ የሚጮህብዎ እሱ ብቻ ነው። እኛ ብልሆቹማ ብድግ እንላለን።"

ለመጨረሻ ጊዜ ወሬያቸውን የሰማሁት የሥላሴ ዕለት ነው፤ ጋራዡ አልታሸገም፣ ከንቲባው ግን በጓሮ መንገድ ነው የሚሄዱት አሉ።