የአስካል ጥግ

እንዝርት ሜዳ በሚባለው አገር ገብስ ለእሸት ሲደርስ፣ ከየማሳው መንገድ ዳር አንድ ጥግ ለልጆች ይተዋል። የማንም ልጅ ይሁን፣ ገብቶ እያሸ ይበላል፤ «ውጣ» የሚለው የለም። ያንን ቦታ የአስካል ጥግ ይሉታል።

እንደሚነገረው፣ በድሮው ዘመን የአስራት ገማች ማሳውን ዞሮ አይቶ ግብሩን ሳይቆርጥ ማጨድም ሆነ እሸት መቅጠፍ ክልክል ነበር። አንዲት ዛላ ብትጎድል የአገሩ ግብር እጥፍ ይሁን ብሎ፣ የመንደሩ ጭቃ ሹም ደርሶልኝ በሁሉም ስም ምሎ ነበር። ያን ዓመት ደግሞ የቀደመው ዓመት በረዶ ጎተራውን ባዶ አስቀርቶት፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከገብሱ ላይ ጥሎ ገማቹን ይጠብቃል። ገማቹ ግን ከወንዝ ማዶ፣ ከምስለኔው ቤት ድግስ ላይ ሰነበተ ይባላል።

የደርሶልኝ ሚስት የሺመቤት የአራት ዓመት ልጇን አስካልን ታቅፋ ከማሳው ዳር ትውል ነበር። ልጅቱ ማተቧን እየጠባች፣ በጣቷ እያሳየች፣ «እማ፣ ያቺን ብቻ» ትላለች።

«ነገ የኔ ሆድ፣ ነገ ይመጣል።»

«ትናንትም ነገ ብለሻል።»

የሺመቤት እጇን ብትዘረጋ ደርሶልኝ ያዛት።

«ተይ አንቺ፣ የማልኩት እኔ ነኝ። የኛ ልጅ ከበላች የማንን ልጅ እከለክላለሁ?»

ይህን ሲል ልጁን አላያትም። እሷም ክፋቱ እንዳልሆነ፣ መሐላውን ፈርቶ እንደሆነ ስለምታውቅ እጇን ሰበሰበች።

ከዚያ በአምስተኛው ቀን የአስካል ነፍስ ወጣች። የሺመቤት ማንንም ሳትጠይቅ ማጭድ ይዛ የመንገድ ዳሩን ጥግ አጨደችና፣ እሸቱን ከነአገዳው ከልጇ ጋር አስቀበረችው። ደርሶልኝ ቆሞ አየ እንጂ አልያዛትም።

ገማቹ በሣልስቷ ዕለት በበቅሎ ደረሰ።

«ይኼን ማን ነካው?»

«ልጄ ናት ጌታዬ» አለች የሺመቤት። «ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ናት፤ ወርደው ይቀበሏት።»

በቅሎውን መልሶ ሳይገምት ሄደ የሚሉ አሉ፤ አይ፣ እጥፉን ጥሎ ነው የሄደው የሚሉም አሉ። ሽማግሌዎቹ የሚስማሙት፣ ደርሶልኝ ሹመቱን ትቶ በዓመቱ ገብሱ ሲያሸት የመንደሩን ልጆች ከዚያ ጥግ ማስገባቱን፣ እነሱ ሲበሉም ጀርባውን ሰጥቶ መቆሙን ነው። የሺመቤት እስክትሞት እሸት አልቀመሰችም ይባላል።

ዛሬም ልጆች ከጥጉ ሲበሉ አባቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ልጆቹ ለምን ብለው አይጠይቁም፤ አፋቸውን እሸት ሞልቶታል።