የአቶ ወንድይፍራው እንቢተኛ ኮምፒውተር

አቶ ወንድይፍራው የሚባሉ አንድ ዳይሬክተር ጠረጴዛቸው ላይ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈባቸውና የጥገና ሠራተኛዋን አስጠሩ። «ሚሞሪው ዛሬውኑ በእጥፍ ይጨመርለት!» አሏት።

ልጅቷ ዓይነ አፋር ነበረች። ኮምፒውተሩን ከፍታ አየች፤ አዲሱንም ሚሞሪ ሰክታ ሞከረች። ኮምፒውተሩ ጢጥ፣ ጢጥ ብሎ ጮኸና ጸጥ አለ።

«ይቅርታ ክቡር ዳይሬክተር፣ ይሄ ሞዴል አሁን ከያዘው በላይ አይቀበልም» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እኔ ያዘዝኩትን አልቀበልም አለ? ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት!» ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡት። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ጩኸቱን ሰምቶ በሩ ላይ ተኮለኮለ። እሳቸውም ተመልካች ሲያገኙ ባሰባቸው።

«በይ ሰው ሁሉ እየሰማ ንገሪኝ፤ ደደቡ ማነው? ኮምፒውተሩ ነው ካልሽ፣ መርጬ ያስገዛሁት እኔ ነኝና ሰድበሽኛል። አንቺ ከሆንሽ ደግሞ ደደብ አልቀጥርም፤ ዕቃሽን ሰብስቢ!»

ልጅቷ ለዓመታት ከጥርሷ ጀርባ ደብቃ ያኖረችው ምላስ ግን አመለጣት።

«ኧረ ኮምፒውተሩስ ብልህ ነው» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «በዚህ መሥሪያ ቤት ከአቅሙ በላይ ሲሰጠው ‹አልችልም› ብሎ የመለሰ እሱ ብቻ ነው።»