ጠዋት ሙሉ የነበረው ዘይት

አንድ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር። ስሙ እንድሪስ ነው። የሚኖረው ቆላ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ከከተማዋ ጉድጓድ ውሃ እየሞላ ከዳገቱ ማዶ ላለች መንደር ያደርሳል። በዚያች መንደር የቱንም ያህል ቢቆፈር የሚወጣው አቧራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዉም ከብቱም የሚጠጣው እንድሪስ ያመጣውን ነው። ቦቴው ከቆመ መንደሩ ይጠማል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እንድሪስ ጥንቁቅ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የደረሰበትን ስትሰሙ “ዝርክርክ ቢሆን ነው” እንዳትሉት ነው። በየማለዳው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዝዛል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ይከታል፣ እንደገና መዝዞ ወደ ብርሃን ያቀርበዋል። ዘይቱ የላይኛው መስመር ላይ ከደረሰ “ሙሉ ነው” ይላል። መንዳት ያስተማረው ሰው “ዘይት የሚለካው ጠዋት ነው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ” ብሎት ነበር፤ እሱም ይህችን ትምህርት ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጓደላትም። ከዚያ ወደ ቤቱ በር ዞር ይልና ሚስቱን ሰዓዳን “ደህና ናችሁ?” ይላታል። እሷም “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን” ትለዋለች። ይህን ሰምቶ መንገዱን ይቀጥላል፤ የሚመለሰው ጀምበር ስትጠልቅ ነው።

ባለፈው በጋ በእንድሪስ ኑሮ ላይ ሁለት ነገር ተጨመረ። አንደኛው እናቱ ናቸው። ገጠር ወድቀው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው አምጥቶ ቤቱ አስተኛቸው። ሰዓዳ “የአንተ እናት የእኔም እናት ናቸው” ብላ ተቀበለቻቸው። ሁለተኛው የመኪናው ዘይት ማቀዝቀዣ ነው። ሙቀቱ ከርሮ ሞተሩ ዳገቱ ላይ እጅ አላስጠጋ ሲል፣ የሰፈሩ መካኒክ ጋሽ ማንያዘዋል አንድ መላ አመጡ። “ዘይቱ እየጋለ ይቀጥንብሃል። ማቀዝቀዣ እንጨምርለት። ዘይቱ ከሞተሩ ወጥቶ በቀጫጭን ቱቦዎች ይዞራል፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል” አሉት። ከተፈታታ የመንገድ ሥራ ማሽን የወጣ፣ በር የሚያህል ማቀዝቀዣ ተገኘ። ጋሽ ማንያዘዋል ከፊት ሊያስሩት አስበው ነበር፤ እንድሪስ ግን “ድንጋይ ይመታብኛል ጋሼ፣ ከጋቢናው ጀርባ ከፍ ያድርጉልኝ” አለ። ከፍ አደረጉለት። በሁለት ረጃጅም ቱቦዎች ከሞተሩ ጋር አገናኙት፣ ቡሎኖቹን አጠበቁ፣ እንዳያንጠባጥብ አዩ። አላንጠባጠበም። ሞተሩም በረደ፤ እንድሪስ ደስ አለው።

ደስታው አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ውሃውን ሞልቶ ዳገቱን እኩሌታ ሲወጣ፣ መሪው ፊት ለፊት ያለችው ቀይ መብራት ቦግ አለች። ይህች መብራት የምትበራው ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ በበቂ ግፊት መዞር ሲያቅተው ነው። ችላ ያላት ሹፌር ሞተሩን ይቀብራል። እንድሪስ ደነገጠ፤ አቁሞ ጠበቀ። ቀስ ብሎ ሲነሳ መብራቷ ጠፋች፤ ትንሽ እንደወጣ በራች። እንደዚያ እየቆመ እየተነሳ መንደሩ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ዘንጉን መዘዘ፤ ዘይቱ ሙሉ ነው። ሞተሩን አስነሳ፤ መብራቷ ጠፍታለች፣ ሁሉም ሰላም ነው። ዳገቱ ላይ ሲደርስ በራች።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ እንድሪስ ያልጠየቀው ሰው የለም። ኤሌክትሪሽያኑ መጥቶ “መብራቷ ናት የምትዋሽህ” አለና ግፊቱን የምትለካውን ሴንሰር ቀየረ። አዲሷም ዳገቱ ላይ ያንኑ ተናገረች። የዘይት ነጋዴው ዘይቱን በጣቶቹ መሃል አሽቶ “ቀጭን ነው፣ ወፍራም አድርግበት” አለው። እንድሪስ አሮጌውን አፍስሶ ወፍራሙን እስከ መስመሩ ድረስ ሞላ። ምንም ለውጥ የለም። ሌላው የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ተደፍኗል አለ፤ ፊልትሮው ተቀየረ። የሚገርመው እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚመጡት ጠዋት፣ መኪናው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀዝቅዞ ቆሞ ሳለ ነው። ያስነሱታል፣ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፣ “እዚህማ ምንም የለበትም!” ይላሉ። ምንም የሌለበት መኪና ዳገቱ ላይ ለምን እንደሚታመም የነገረው የለም። እኔ ራሴ ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ እዚህ ላይ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ እሱማ እንዴት ይሁን።

“የገጠሙለትን ሰውዬ ለምን አልጠየቀም?” ትሉ ይሆናል። ይሉኝታ ይዞት ነዋ! ጋሽ ማንያዘዋል ቤታቸው ከእሱ ቤት ሦስት አጥር ብቻ ነው የሚርቀው። ግን ሽማግሌውን “የሠሩልኝ ሥራ መኪናዬን አበላሸው” ማለት በአደባባይ እንደመስደብ ታየው። በደጁ ሲያልፉ “መኪናዋ እንዴት ናት?” ይሉታል። “ደህና ናት ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ” ይላቸዋል። ከዚያ ዞር ብሎ ለማያውቀው ሰው ችግሩን ያወራል። በልቡም በእሳቸው ማዘን ጀምሯል፤ አሮጌ ዕቃ ለጥፈው ጉድ እንዳደረጉት ቆጥሮታል።

ቤቱም ቢሆን ግራ የሚያጋባ ነገር አላጣም። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የሻይ ብርጭቆ ከሰዓዳ እጅ አምልጦ ተሰበረ። ሰዓዳ እዚያው ስብርባሪው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ማልቀስ ጀመረች። “ለብርጭቆ?” አላት እንድሪስ። “ምንም አልሆንኩም” አለችው። በማግስቱ ጠዋት ጠየቃት፤ ደህና ናት። በሳምንቱ ደግሞ ለአንዲት ተራ ጥያቄ ጮኸችበት። ጠዋት ሲጠይቃት አሁንም ደህና ናት። እንድሪስ ሚስቱ ተቀየረችብኝ ብሎ ተከዘ፤ ግን ሐሳቡ ሁሉ መኪናው ላይ ስለነበር ይህን ለሌላ ቀን አቆየው።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ጋራዥ ያለው ሰው መጣና ፍርዱን ሰጠ። “የሞተሩ ውስጥ ተበልቷል። መከፈት አለበት። አሥር ቀን ይፈጃል።” መንደሯ ውስጥ የቀረው ውሃ የሁለት ቀን ብቻ ነው። እንድሪስ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ሞተሩን ከከፈተ መንደሩ ይጠማል፤ ካልከፈተ ደግሞ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ይልና ለወራት ይቆማል፣ ያኔም መንደሩ ይጠማል። ይሉኝታውን የገፋው ይህ ጭንቅ ነው። ሦስቱን አጥር አልፎ የጋሽ ማንያዘዋልን በር አንኳኳ።

“ጋሼ፣ መኪናዋ ደህና አይደለችም” አላቸው።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ማቀዝቀዣውን ካሰርን ሳምንት ሳይሞላ።”

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። “ትናንትና ደህና ናት አላልከኝም?”

“ይሉኝታ ይዞኝ ነው ጋሼ” አለ እንድሪስ።

ጋሽ ማንያዘዋል የሞተሩን ክዳን አልከፈቱም። “ውሃህን ሙላና ወደ ዳገቱ ውሰደኝ” ብለው ጋቢና ገቡ። ዳገቱን ገና ሲጀምሩ ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። “ተመለስ፤ እታች ሜዳው ላይ አቁምና አጥፋ” አሉ። አቆመ። “ዘንጉን ምዘዝ።”

“ጠዋት ለክቻለሁ ጋሼ፤ ሙሉ ነው።”

“አሁን ለካ።”

“ሞተሩ ሳይበርድ? ዘይቱ እኮ ገና—”

“እንድሪስ! ለካ አልኩህ።”

መዘዘ፣ ጠረገ፣ ከተተ፣ መዘዘ። ዘይቱ የዘንጉን ጫፍ ብቻ ነክቷል። እንድሪስ ዓይኑን አላመነም፤ ደግሞ ለካ። ያው ነው። “ወላሂ ጠዋት ሙሉ ነበር!” ብሎ ጮኸ። “አንድ ጠብታ መሬት ላይ አልፈሰሰም! ማን ጠጣው?”

ጋሽ ማንያዘዋል በጣታቸው ከጋቢናው ጀርባ ወደ ላይ አመለከቱ። “እሱ ነው የጠጣው። በር የሚያህል ነገር ጨመርንብህ፣ ባዶውን መሰለህ እንዴ የሚያቀዘቅዘው? ሞተሩ ሲሠራ ሦስት ሊትር ያህል ወደ እሱ ይወጣል፤ ታች ያለው ያንሳል፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ስታዘነብል ፖምፓው በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። ሌሊቱን ስትቆም ከላይ ያለው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። አንተ ጠዋት መጥተህ ሙሉ ነው ትላለህ። ጠዋትማ፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ማን ጎድሎ ያውቃል?”

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ጥፋቱ የእኔም ነው። አስነስተን ካጠፋን በኋላ ለክተን መጨመር ነበረብን፤ ረሳሁት። አንተ ደግሞ ስጠይቅህ ደህና ናት እያልክ አሳሳትከኝ” አሉ።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። ሴንሰሩም፣ ፖምፓውም፣ ሞተሩም ደህና ነበሩ። ጋቢና ውስጥ ከነበረው መጠባበቂያ ሦስት ሊትር ዘይት ጨመሩ። “ለዛሬ ይበቃሃል፤ ነገ አውርደን ከሞተሩ እኩል እናስረዋለን፤ ያኔ ዘይቱ ሌሊት አይወርድም” አሉት። እንድሪስ ሽማግሌውን አጠገቡ አስቀምጦ ዳገቱን ወጣ፤ ዓይኑ ከመብራቷ አልተነቀለም። አልበራችም። ውሃው መንደሩ ደረሰ፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወጡ።

ሲመለሱ እንድሪስን “ሥራ ሳይጀመር ማን ጎድሎ ያውቃል” የምትለው ቃል አልለቀቀችውም። ብርጭቆው ትዝ አለው። ጋሽ ማንያዘዋልን ቤታቸው አደረሰና፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት፣ ካገባ ጀምሮ ገብቶ በማያውቅበት ሰዓት፣ ወደ ቤቱ ገባ።

እናቱ ታጥበው፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ተኝተዋል። ጓሮ ሲወጣ ሰዓዳን አገኛት። የልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የእናቱን አንሶላ ጭኗ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ወስዷታል። የሳሙናው አረፋ እጇ ላይ አልደረቀም። የቀኝ አንጓዋን በጨርቅ አስራዋለች፤ እናቱን ስታገላብጥ ወለም ብሏት ይሆናል። መቼ እንዳሰረችው እንድሪስ አያውቅም። ልቡ ተነካ፤ በራሱም አፈረ።

አልቀሰቀሳትም። አንሶላውን ቀስ አድርጎ ከጭኗ አነሳና እጅጌውን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ። የውሃው ድምፅ ቀሰቀሳት። ደንግጣ ብድግ አለች።

“ምነው? መኪናው ተበላሸ?”

“የለም። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እንዴት ነሽ ሰዓዳ?”

“አልሐም—” ብላ ጀመረች። የታሰረ እጇን አየች፤ አንሶላውን የሚያጥበውን ባሏን አየች። የጀመረችውን ቃል አልጨረሰችውም።

“ደክሞኛል እንድሪስ” አለችው። “በጣም ነው የደከመኝ።”

ከዚያ ቀን በኋላ እንድሪስ ውሃ በማያመላልስበት ቀን እናቱን የሚያገላብጠውና የሚያጥበው እሱ ሆነ፤ ለቀሩት ቀናት እህቱን አስመጣ። ሰዓዳ ባንድ ጊዜ አልሳቀችም። ግን ከዚያ ወዲያ ስትጠየቅ ደህና ካልሆነች ደህና ነኝ አትልም።

ይህን ታሪክ የሰማችሁ ሁሉ ይህን ያዙ፦ በአንድ ሰው ላይ ሥራ ስትጨምሩ፣ ሥራው ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ከጉልበቱ እየቀዳ ይጠጣል። የጠጣውን ያህል ካልሞላችሁለት ሳይሰበር ይጎድላል፤ እናንተም ምን እንደተበላሸ ስትፈልጉ ትኖራላችሁ። ሰላምታ የምንለዋወጠው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ከሥራው በፊት ቆሞ ሳለ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁላችንም ደህና ነን። የእናንተን ቤት ዳገት የሚወጣው ማን ነው? ዳገቱ ላይ ሳለ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?