ገደ ቢስ የተባለችው ወፍ

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ እንስሳት ውሃ ሊጠጡ ከመውረዳቸው በፊት የአንዲት ወፍ ድምፅ ያዳምጡ ነበር። ወፏ ቀስ ብላ ከዘመረች መንገዱ ሰላም ነው፤ ከጮኸች አደጋ አለ። በዚያ ዘመን ከወፍ የሚሰማ መልካም ምልክት «ገድ» ይባል ስለነበር፣ እሷንም «ገደኛዋ» ይሏት ነበር።

አያ ጅቦ ቁጥቋጦ ውስጥ ባደፈጠ ቁጥር ወፏ ስለምትጮኽበት ጦሙን ያድራል። ከእሱ ትርፍራፊ የምትኖረው እመት ቀበሮም ራባት። ስለዚህ ወደ እንስሳቱ ሄደች።

«ይቺ ወፍ በጮኸች ቁጥር ጅብ አይመጣም?» አለቻቸው። «የምትጠራው እሷ ናት። ምን ገድ አላት? ገደ ቢስ ናት እንጂ።»

አህያ አመነቻት። ሌሎቹም «ገደ ቢስ» እያሉ ወፏ የምትኖርበትን ዛፍ ነቀነቁት። ጎጆዋ ወደቀ፤ እንቁላሎቿ ተሰበሩ።

«ጅቡን ስላየሁ ነው የምጮኸው» አለች ወፏ በንዴት። «ስለጮኽኩ አይደለም የሚመጣው።»

የሰማት የለም። ጥላቸው ከወንዙ ማዶ ወዳለው ገደል በረረች።

በማግስቱ አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ወረደች። አካባቢው ጭር ብሏል። ጅቡ ከቁጥቋጦው ዘሎ ውርንጭላዋን ነጠቃት።

አህያ እያናፋች ለአንበሳ ከሰሰች። አንበሳ ሁሉንም ሰብስቦ ጅቡን፣ «እንዴት ደፈርክ?» አለው።

«እመት ቀበሮን እግዜር ይስጣት» አለ ጅብ፣ የተመሰገነ መስሎት። «ያቺን ለፍላፊ ካስባረረችልኝ ወዲህ ጠግቤ አድራለሁ።»

አህያ ፍርድ አልጠበቀችም። ቀበሮዋን መንጋጋዋን፣ ጅቡን ጎድኑን በርግጫ ሰበረቻቸው። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ዛፉን ከነቀነቁት አንዷ እሷው ነበረችና። ወደ ገደሉ ሄዳ ወፏን ለመነቻት።

«ተመለሽልን፤ እንደ ድሮው ገደኛዋ እንልሻለን።»

«ስም የሰጣችሁኝም የነጠቃችሁኝም እናንተ ናችሁ» አለች ወፏ። «እኔ ያው ነበርኩ። እንቁላሎቼን በየትኛው ስም ትመልሱልኛላችሁ?»

ይህን ብላ ከአገሩ ጠፋች። ቃሉ ግን እዚያው ቀረ፤ እንስሳቱ እስከ ዛሬ ክፉ ወሬ የነገራቸውን ሁሉ «ገደ ቢስ» ይሉታል፤ ውሃቸውንም በፍርሃት ይጠጣሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ አደጋን የሚነግረንን አደጋውን እንዳመጣ ቆጥረን ስናባርር የምንጠቅመው አድፍጦ የሚጠብቀንን ጠላት ብቻ መሆኑን ነው።