ሦስት ቁልፍ፣ አንድ የጎማ ዛፍ

በአንድ ወቅት፣ ብዙም ባልራቀ ወቅት፣ ሊፍት በሌለው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወይዘሮ ሙሉሸዋ የሚባሉ አሮጊት ከአንዲት የጎማ ዛፍ ጋር ይኖሩ ነበር። ዛፏ በባልዲ ተተክላ ሳሎን ውስጥ ያደገች ናት። ቅጠሏ ወፍራም፣ ከመዳፍ የሰፋ፣ ሲወለውሉት የሚያበራ። አበባ ይሏታል እንጂ አብባ አታውቅም።

ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ዘርፌ፣ ክንፈና ሶስና። ሦስቱም የቤቱን ቁልፍ ይዘዋል። በአባታቸው ተዝካር ላይ በወጣ አንድ ክፉ ቃል ተኳርፈው አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። እንዳይገናኙ ቀን ተከፋፈሉ፤ ሰኞ የዘርፌ፣ ረቡዕ የክንፈ፣ ዓርብ የሶስና።

ታላቋ ዘርፌ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። እስከ እናቷ ቤት ሰባ ሁለት ደረጃ አለ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትቆማለች፣ ዘንቢሏን ታስቀምጣለች፣ ጉልበቷን ትይዛለች። ደግሞ ትወጣለች። ሰኞ አይደክመውም፤ ሁልጊዜ ይመጣል።

ዛፏ ጣራ ነክታ፣ ጎብጣ፣ ያለውን አንድ መስኮት ሸፍናው ነበር። የወይዘሮ ሙሉሸዋ ዓይን ደግሞ ደክሟል። በዚያ ጨለማ የወንበር እግር ጠልፎ ጣላቸው። ዘርፌ ሰኞ መጥታ ግንባራቸው ላይ ያበጠውን አየች። ቢላዋ በአልኮል ጠረገች፣ ከአንጓው ትንሽ ከፍ አድርጋ ዛፏን ከወገቧ ቆረጠቻት። ነጭ ወተት ወረደ። ብርሃን ገባ።

«ምን አደረግሽ?» አሉ እናቷ።

«ፀሐይ አስገባሁልሽ።»

«አመድ አድርጊላት እንግዲህ። እንዲሁ ክፍት አትተያት።»

ከከሰል ምድጃው አመድ ዘግና ቁስሏ ላይ ነሰነሰች። የተቆረጠውን ጫፍ በማዳበሪያ ከረጢት ከታ በሩ ላይ ተወችው። ያን ተሸክሞ የሚወርድ ጉልበት ለዚያን ቀን አልነበራትም።

አራት ቅጠል የቀራት ዛፍ የምትጠጣው ጥቂት ነው። ይህንን ሦስቱም ያውቁታል። ያላወቁት ሌላ ነው። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ሲሰጉ ይረሳሉ። ሰኞ ለዘርፌ፣ «ውሃ አጠጫት፣ ማንም ዞር ብሎ አላያት» ይላሉ። ረቡዕ ለክንፈም እንዲሁ። ዓርብ ለሶስናም እንዲሁ። ለሚነጋገሩ ልጆች በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነገር ነበር። ሦስቱም በየቀናቸው አንድ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሱ። በወሩ ቅጠሎቿ ቢጫ ሆነው ረገፉ። ባልዲው መሽተት ጀመረ።

ሽታው ላይ የደረሰው ክንፈ ነው። ባልዲውን መታጠቢያ ቤት ወስዶ ገለበጠው። ሥሯ ጠቁሮ ላሽቋል። የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ፣ የቀረውን አጠበ፣ የባልዲውን ቂጥ በሚስማር በሳሳው፣ አሸዋ የበዛበት ደረቅ አፈር ሞልቶ መልሶ ተከላት። ግንዷ ላይ ወረቀት አሰረ፦ «ያጠጣ እጁ ይሰበር።» ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠሩን ተወው። በየማለዳው ከሥራ በፊት ይወጣል፣ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይከታል፣ ካልደረቀ አያጠጣም፣ ባልዲውን ትንሽ ወደ ብርሃኑ ያዞራል፣ ይወርዳል። ሁለት ወር። ከቁርጡ በታች ሁለት ቀያይ ቡቃያ ወጣ።

ዘርፌ ወረቀቱን ሰኞ አነበበችው። «ይሄ ጅል» አለች፤ ሳቀችም። በወንድሟ ቃል ከሳቀች አምስት ዓመቷ ነበር።

ሶስና ግን ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ዛፏ በተቆረጠችበት ሳምንት ዓርብ፣ ከረጢቱን በሩ ላይ አግኝታዋለች። ጫፉ ጠውልጓል። ሳትጠይቅ፣ ሳትነግር፣ ይዛው ወረደች። የታችኞቹን ቅጠሎች ቀነጠሰች፣ የደረቀውን ወተት አጠበች፣ በማርማላታ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ አቆመችው። በየሦስት ቀኑ ውሃውን ለወጠች። አንድ ወር ሙሉ ምንም የለም። ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር። ከዚያ አፈር። ከዚያ ሰባት ቅጠል።

እንዲህ እንዳለ የእናታቸው ሐኪም ተናገረ። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር የለባቸውም።

ሦስቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳሎን ተገናኙ። «እኔ ጋ ትሁን» አሉ ሦስቱም። ቸኩሎ ያለው ግን የለም።

«እኔ አልመርጥም» አሉ እናትየው። «ከልጅ ልጅ ቢለዩ ዓመትም አይቆዩ። ዛፌን ያተረፈ ይውሰደኝ።»

ይሄኔ ሶስና ከዘንቢሏ የራሷን ተክል አወጣች።

«ሌባ» አላት ክንፈ።

«ቆሻሻ ማንሳትም ስርቆት ሆነ እንዴ፣ ጋሼ?»

«እኔ ባልቆርጣት» አለች ዘርፌ፣ «ሁለታችሁ ምኑን ታተርፉ ነበር?»

«ቆርጠሽ ደግሞ አሰጠምሻት» አላት ክንፈ። «ሦስታችንም አሰጠምናት። የድሮው ግንድ፣ የድሮው ሥር ግን እኔ መልሼ በተከልኩበት ባልዲ ውስጥ ነው።»

«የባልዲዋ ብትሞት ኖሮስ?» አለች ሶስና። «ጫፏን ማን ያስታውሳት ነበር?»

ወይዘሮ ሙሉሸዋ ሁለቱንም ተክል ወደ ጉልበታቸው አስጠጉ። ቡቃያዎቹን በጣት ጫፍ ነኩ። ሰባቱን ቅጠል አንድ በአንድ ዳበሱ። «ሁለቱም ደህና ናቸው» ብቻ አሉ።

ዘርፌ አስበችው። ካሸነፈች ደረጃው ይቀራል፤ እሷ የምትኖረው ምድር ቤት ነው። ግን መድኃኒቱ፣ ማጠቡ፣ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ መመለሱ አለ። ከተሸነፈች ደግሞ ሰኞ የራሷ ይሆናል። ባዶ ሰኞ። ሐሳቡ ጣፈጣት፤ መጣፈጡን ጠላችው።

«ክንፈ ነው ያተረፋት» አለች በመጨረሻ። «በየማለዳው የወጣው እሱ ነው።»

ክንፈ ቀና ብሎ አያት። «የኔ ሁለት ቡቃያ ነው። የሶስና ሰባት ቅጠል። እሷ ናት።»

«ኧረ እትዬ ናት» አለች ሶስና ፈጥና። «እሷ ባትቆርጥ ጫፉን ከየት አመጣው ነበር?»

«አሁን ደግሞ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ትሰጡኝ ጀመራችሁ» አሉ እናታቸው። አልተቆጡም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «በሉ ተነጋገሩ። እኔ ለመሄድ ለብሻለሁ።»

ማን ከፍቅር፣ ማን ከድካም እንደተናገረ ዘርፌ አታውቅም። የራሷንም አታውቅም።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። ቆርጣ ብርሃን ያስገባችው አለች፤ ሥሯን ከበሰበሰበት ያወጣው አለ፤ የተጣለውን ያነሳችው አለች። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ለማን ይገባሉ? ዕረፍቱስ ለማን?