ጭረት የሌለበት ጋሻ

አንዲት ምላሷ የማያርፍ ፎቶ አንሺ ነበረች። አንድ ቀን የሙዚየሙ ቦርድ ሰብሳቢ አቶ ደምመላሽ የአያታቸውን ጋሻ አምጥተው ለሙዚየሙ መጽሔት ሽፋን እንድታነሳው አዘዟት። እሷም የስቱዲዮውን መብራት ሁሉ አጥፍታ አንዱን ብቻ ከጎን ዝቅ አድርጋ አበራች። ያኔ በቆዳው ላይ ጦር የወጋው፣ ጎራዴ የቧጨረው ቦታ ሁሉ ጎልቶ ወጣ።

አቶ ደምመላሽ ፎቶውን ሲያዩ ፊታቸው ተኮሳተረ።

"ምነው ልጄ፣ የትልቅ ቤት ዕቃ እንዲህ ተጎሳቁሎ ይታያል? መብራቱን ሁሉ ፊት ለፊት አብሪበት! አንዲት ጭረት ብትታይ ነገ እዚህ እንዳላይሽ። ከፎቶው ሥርም 'የቦርድ ሰብሳቢው አያት በየጦርነቱ ከፊት የተሰለፉበት ጋሻ' ተብሎ ይጻፍ።"

እሷም መብራቶቹን ፊት ለፊት ደርድራ ስታበራቸው ጭረቱ ሁሉ ጠፋ፤ ጋሻው ትናንት ከገበያ የተገዛ መሰለ።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ ሰብሳቢው ደስ ብሏቸው።

"በጣም ያምራል ጌታዬ" አለች ከካሜራዋ ቀና ብላ። "እንዲያው ሰው ቢጠይቀኝ እንድመልስ ያህል፣ አያትዎ በየጦርነቱ ጋሻውን ቤት ረስተውት ነው የዘመቱት?"

አቶ ደምመላሽ ተነሥተው መብራቶቹን በገዛ እጃቸው ያጠፉ ጀመር፤ አንዱን ብቻ እንደ መጀመሪያው ወደ ጎን አዙረው ዝቅ አድርገው ተዉት።